የገና ሥጋ ከየት መጣ? ከበረት እስከ ገበታ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



በዓል በተነሣ ቁጥር የእርድ ነገር አብሮ ይነሣል። በተለይም ገና ሲቃረብ "ዘንድሮ ምን ይታረድ?" የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ባልና ሚስትን ያነጋግራል። አቅም ያለው በግ ያስባል፤ እጁ ያጠረው ዶሮ ይበቃል ይላል፤ ብዙው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ቅርጫ ይገባል። ይሁን እንጂ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ለሚገዛ ሰው ይህ ጊዜ በቂ ሊሆን ይችላል። ለሚያረባና ለሚሸጥ አርሶ አደር ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ የተነሣ ጥያቄ ነው።

በመሆኑም በዛሬው ዕለት በገና ገበታ ላይ የሚቀርቡት የበሬ፣ የበግና የዶሮ ሥጋ ከየት እንደመጡ፣ ለምንስ በዚህ በዓል እንደሚታረዱ ማየት ተገቢ ይሆናል። ታሪኩ የወጥ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። የእርሻ ታሪክ ነው፤ የገበያም ታሪክ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመደራጀት ታሪክ ነው።

ገና ለምን የሥጋ በዓል ሆነ?

የልደት በዓል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ከበዓሉ አስቀድሞ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የነቢያት ጾም ይጾማል። ከአርባ ቀን በላይ በሆነው በዚህ ጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ስለዚህ ገና የልደት በዓል ብቻ ሳይሆን የጾም ፍቺም ነው። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይበላል እንጂ አይጾምም።

ይህ የሃይማኖቱ ምክንያት ነው። የእርሻው ምክንያት ደግሞ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በደጋውና በወይና ደጋው ጤፍ በኅዳር ይታጨዳል፤ በታኅሣሥ አውድማ ላይ ይወቃል። እህል ጎተራ ይገባል። ክረምቱን ሲያርስ የከረመው በሬ ቀንበር አውርዶ ያርፋል። ከብቱና በጉ የመስከረምንና የጥቅምትን ለምለም ሣር ጠግበዋል፤ አዝመራው ከተነሣ በኋላም ማሳው ላይ ቃርሚያ ያገኛሉ፤ ጭዱም ገና ትኩስ ነው። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ እንስሳው ሥጋ የሚይዝበት፣ ባለቤቱም ፋታ የሚያገኝበት ጊዜ ይኸው ነው።

ከፋሲካ ጋር ቢነጻጸር ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ፋሲካ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ይውላል። ያን ጊዜ ሣሩ ደርቋል፤ ጭዱ ተመናምኗል፤ ውኃም ይርቃል። ስለሆነም ለፋሲካ የሚደልብ እንስሳ ብዙ የተገዛ መኖ ይፈጃል። ለገና የሚደልበው ግን ግማሹን ቀለብ ከክረምቱ ዝናብ ያገኛል። የገና ሥጋ የመጀመሪያ ምንጩ የክረምቱ ዝናብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በሌሎች አገሮችስ?

የበዓሉ ቀንና የእርሻው ወራት እንዲህ መገጣጠሙ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። አውሮፓውያን ገበሬዎችም የገና ሥጋቸውን የመረጡት በዚሁ መንገድ ነው።

በአገራችን አብዛኛው ሕዝብ የማይበላው አሳማ በአውሮፓ ጥንታዊ የገና ሥጋ ነው። ገበሬው አሳማውን በመከር ወራት ወደ ጫካ ይነዳና ከዛፍ የወደቀ ፍሬ እንዲለቅም ያደርጋል። ብርዱ ሲገባ የሚበላው ስለማይገኝ ክረምቱን ለሚያልፉት ጥቂቶች ብቻ መኖ አስቀርቶ ሌላውን ያርዳል። ብርዱ ራሱ ሥጋውን ከመበላሸት ይጠብቀዋል፤ የቀረውም በጨው ታሽቶ ይቀመጣል። በቼክና በፖላንድ ደግሞ የገና ዋዜማ ከሥጋ የሚጾምበት ቀን ስለነበረ በኩሬ የሚረባው ካርፕ የተባለው ዓሣ የዋዜማው ምግብ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ዛሬ በእንግሊዝ የገና ምልክት የሆነው ተርኪ የተባለው ትልቅ ወፍ ከሁሉም የሚገርም ታሪክ አለው። ተርኪ የተላመደው በሜክሲኮ ነው። ስፔናውያን ወደ አውሮፓ ያመጡት በ16ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን የኖርፎክና የሳፎክ አውራጃ ገበሬዎች ተርኪዎቻቸውን በመንጋ እየነዱ በእግር ወደ ለንደን ገበያ ይወስዱ ነበር። መንዳት የሚጀምሩት በኦገስት፣ ማለትም በነሐሴ ወር አካባቢ ነው። ወፎቹ በየመንገዱ አዝመራ በተነሣበት ማሳ ላይ የወደቀውን እህል እየለቀሙ ይጓዛሉ። እነዚያ ገበሬዎች ለበዓል ገበያ ወራት አስቀድመው ይነሡ እንደነበር ልብ ሊባል ይገባል።

በሬውና ቅርጫው

አሁን ወደ አገራችን ገበታ እንመለስ። ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናት። ይሁንና ከብት በሁለት የተለያዩ ቦታዎች እንደተላመደ ጥናቶች ያሳያሉ። ሻኛ የሌለው ከብት የተላመደው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ሻኛ ያለው ደግሞ ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው በኢንዱስ ሸለቆ አካባቢ ተላምዷል። የኢትዮጵያ ከብቶች የሁለቱም ደም ያለባቸው ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የሻኛውን ቅርፅ ይዘዋል። በቅርጫ ላይ ሁሉም የሚመኘው ሻኛ የዚያ የረጅም ጉዞ ምስክር ነው።

በሬ ግን ለአንድ ቤት ይበዛል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ገጠር አንድ ቤተሰብ አንድ ሰንጋ አርዶ ሳይበላሽ ሊጨርሰው አይችልም። ቋንጣ ቢደረግም የሚቀረው ብዙ ነው። ከዚህም በላይ የበሬው ዋጋ ከአንድ ቤት አቅም ያልፋል። የአገሩ ሰው ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ቅርጫ ነው።

የቅርጫ አሠራር ለማንም የተሰወረ አይደለም። ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፤ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከብት የሚያውቅ ሰው መርጠው ገበያ ይልካሉ። ከብቱ ከታረደ በኋላ ሥጋው በቅጠል ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ በመደብ በመደብ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከፍሪምባውም፣ ከጨጓራውም፣ ከጉበቱም ይደርሰዋል። ከዚያም እያንዳንዱ አባል የራሱን ምልክት፣ ስንጥርም ሆነ ጠጠር፣ ይሰጣል። የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ዕጣውን ይጥላል። ዕጣው የጣለለትን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። "የእኔ አነሰ፣ የአንተ በዛ" የሚል ክርክር በዕጣ ይዘጋል።

ይህን በጥሞና ለሚያየው ቅርጫ ራሱን የቻለ ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው። መዋጮው እኩል ነው። ክፍፍሉ በአደባባይ ነው። ሀብታም ነኝ ብሎ ሻኛውን ለብቻው የሚወስድ የለም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ከመውጣታቸው እጅግ አስቀድሞ የገጠሩ ሕዝብ የመደራጀትን ጥቅም በሥጋ መደብ ላይ ተምሮታል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለ። ቅርጫ የገዢዎች ኅብረት ነው። የሚበሉት ተደራጅተው ገበያ ይወጣሉ። ተማክረው፣ ገንዘብ አጠራቅመው፣ ከብት አዋቂ ይዘው ይመጣሉ። በሬውን ያደለበው አርሶ አደር ግን አንድ በሬውን እየጎተተ ብቻውን ይቆማል። አንዱ ተደራጅቶ ሌላው ብቻውን ከሆነ ዋጋውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። በመካከል ደላላ ሲጨመርበት ደግሞ የአርሶ አደሩ ድርሻ ይብሱን ያንሳል።

በጉና የበዓል ቢላዋ

በግም እንደ ከብቱ ከውጭ የመጣ እንስሳ ነው። በአፍሪካ ምድር ለማዳ በግ ሊገኝበት የሚችል የዱር በግ አልነበረም። በግና ፍየል ከ10,000 ዓመት በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ተላምደው በግብፅና በዐረቢያ በኩል ወደ አፍሪካ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየአካባቢው ብርድ፣ ሙቀትና ግጦሽ እየተፈተኑ የራሳቸውን መልክ አወጡ። የመንዝ በግ ብርዱን በሚቋቋም ጸጉሩና በሰፊ ላቱ ይታወቃል። የቦንጋና የሆሮ በጎች ደግሞ በሰውነታቸው ግዝፈት ይመረጣሉ።

ለገና በግ መምረጥ ቀላል ነው፤ ገዢ ሁሉ ትልቁን፣ የሚያምረውን፣ ቶሎ ያደገውን ይፈልጋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ዓመት ከተወለዱት ወንድ ጠቦቶች ቶሎ የሚያድገው ቶሎ ይሸጣል። ቀጫጫው ገዢ ስላጣ ቤት ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሴቶቹን በጎች የሚያጠቃው እንግዲህ ይኸው ገዢ ያጣው ቀጫጫ ነው። ልጆቹም እንደ አባታቸው ይሆናሉ። እንዲህ እየተባለ ከዓመት ወደ ዓመት ሲሄድ የበዓል ቢላዋ ምርጡን ዘር እየለቀመ ይጨርሳል። "የድሮ በግ ትልቅ ነበር" የሚሉ አዛውንቶች ያለ ምክንያት አይሉም።

ይህን ችግር ለመቅረፍ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። አሠራሩ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አርሶ አደሮች የጠቦቶቻቸውን ክብደት እየመዘኑ ይመዘግባሉ፤ በጋራ ተሰብስበው ምርጥ የሆኑትን አውራዎች ይለያሉ፤ የተመረጡት እንዳይሸጡ ይደረግና በመንደሩ በጋራ ያገለግላሉ። ያልተመረጡት ይኮላሹና ሙክት ሆነው ለበዓል ይደልባሉ። በዚህ መንገድ ገበያውም ሥጋ ያገኛል፣ ዘሩም አይጠፋም። ይህ ሥራ በተለይ በቦንጋ አካባቢ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበርነት አድጎ የጋራ አውራ በግ መግዣ ገንዘብ እስከ መያዝ ደርሷል። አንድ አርሶ አደር ብቻውን ምርጥ አውራውን ከበዓል ገበያ ሊያስቀር አይችልም፤ የቤቱ ችግር ያስገድደዋል። ማኅበሩ ግን ዋጋውን ሰጥቶ ሊያስቀርለት ይችላል።

ዶሮዋ፣ በርበሬውና ፈንግል

የገና ጠዋት ያለ ዶሮ ወጥ አይታሰብም። ይህችም ዶሮ እንግዳ ናት። የመጀመሪያ ወላጆቿ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖሩ ቀይ የዱር ዶሮዎች ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ የገባችው ግን ጥንት ነው። በትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ የመኖሪያ ሥፍራ በተደረገ ቁፋሮ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። ይህም በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታውያን የዶሮ አጥንቶች አንዱ ነው። ዶሮ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ከደረሰች 2,500 ዓመት ያልፋታል ማለት ነው።

ወጡን ቀይ የሚያደርገው በርበሬ ግን ከዶሮዋ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ስለሆነ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በአፍሪካ የሚያውቀው አልነበረም። ስለዚህ የአክሱም ሰዎች ዶሮ ነበራቸው፤ የዛሬውን ቀይ ወጥ ግን አልቀመሱትም። ኮረሪማው የአገር ነው፤ ጤፉም የአገር ነው። ዶሮዋ ከእስያ፣ በርበሬው ከአሜሪካ መጡ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሁሉንም በአንድ ድስት አገናኝተው፣ ዶሮዋን 12 ብልት አውጥተው፣ እንቁላል ጨምረው የራሳቸው አደረጉት። ባለሙያነት የሚባለው ይህ ነው።

የገጠሯ እናት ግን ከዶሮዋ የምታገኘው ጥቅም ከሙያዋ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ምክንያቱ ፈንግል ነው። ክረምት ሲገባ የሚነሣው ይህ በሽታ አንድን መንደር በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ዶሮ ሊያስቀር ይችላል። ለገና የሚደርስ የሀበሻ ዶሮ ለማግኘት ስድስት ወር ገደማ ያስፈልጋል። እናቲቱ እንቁላሏን 21 ቀን ትታቀፋለች። ከታኅሣሥ 29 ወደኋላ ሲቆጠር ዶሮዋ እስከ ሰኔ 8 ገደማ ታቅፋ መገኘት አለባት ማለት ነው። ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት እንግዲህ በፈንግል ወራት ነው። ያልተከተበ ጫጩት ለገና ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ነው።

መድኃኒቱ ግን አለ። ቢሾፍቱ የሚመረተው፣ ሙቀትን በአንጻራዊነት የሚቋቋመውና በዓይን ጠብታ የሚሰጠው የፈንግል ክትባት ለገጠር የተመቸ ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች ስለሚሆን አምስት ዶሮ ያላት ሴት ለብቻዋ ብትገዛው ይባክናል። ጎረቤታሞች ዶሮዎቻቸውን በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ግን ወጪው በጣም ያንሳል። ይህም ቅርጫ ነው፤ የክትባት ቅርጫ። ክትባቱ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚበቃ ባለመሆኑ በየሦስትና በየአራት ወሩ መደገም አለበት።

ከታኅሣሥ 29 ወደኋላ መቁጠር

አሁን ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። ሁለቱም አምስት አምስት በግ አላቸው። መሬታቸውም ይመሳሰላል።

የመጀመሪያው በመስከረም መጨረሻ ሦስት ወንድ በጎች ይለያል። የውስጥና የውጭ ጥገኛ መድኃኒት ያስወስዳቸዋል። ከመንጋው ለይቶ በጥላ ሥር ያስራቸዋል። ከሣሩና ከድርቆሹ በተጨማሪ የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ በቀን ለአንድ በግ ከ300 እስከ 400 ግራም ይሰጣቸዋል። ይህንንም በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ያለማምዳቸዋል፤ በድንገት ብዙ ፍሬ መኖ የበላ በግ ሆዱ ይነፋልና። ቤት ጠላ ከተጠመቀ አተላውም አይደፋም። ጨውና ንጹሕ ውኃ ከፊታቸው አይጠፋም። ከመስከረም 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ልክ 90 ቀን ነው። በጎቹ በታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሥጋ ለብሰው ገበያ ይወጣሉ።

ሁለተኛው ሰነፍ አይደለም። ነገር ግን መስከረም ላይ ለልጆቹ ደብተርና ልብስ ገንዘብ ቸገረው። ኅዳር ላይ ደግሞ ዕዳ ተጠየቀ። ስለዚህ ሁለት በጎቹን ጾሙ ከገባ በኋላ፣ ሥጋ ገዢ በሌለበት ሰሞን ይዞ ወጣ። የጾም ገበያ ርካሽ መሆኑን ያውቃል፤ ምርጫ ግን አልነበረውም። በጎቹን በርካሽ የገዛው ነጋዴ አንድ ወር ቀልቦ በገና ዋዜማ ሸጣቸው። የአርሶ አደሩ የዓመት ድካም ትርፍ ለሦስተኛ ሰው ተላለፈ። የሚያሳዝነው ደግሞ ያው አርሶ አደር ለራሱ በዓል ከዚያው ገበያ በውድ ዋጋ ዶሮ ገዝቶ መመለሱ ነው።

የሁለቱ ጎረቤታሞች ልዩነት የዕውቀት ልዩነት አይደለም። ሁለተኛውም ማድለብን ያውቅበታል። ያጣው ሦስት ወር የሚያሻግረው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ነው ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊገባ የሚገባው። ከዚህ አኳያ የሚከተሉት ነጥቦች ቢታሰብባቸው መልካም ነው።

1ኛ. የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በመስከረም ወር ለማድለቢያ የሚሆን አነስተኛ ብድር ቢሰጡና ክፍያው ከገና ገበያ በኋላ በጥር ቢሆን፣ አርሶ አደሩ በጾም ገበያ በግ ከመሸጥ ይድናል። የወረዳ ኃላፊዎችም የዕዳ መሰብሰቢያ ጊዜ ከበዓሉ ገበያ ጋር እንዲገጣጠም ቢያደርጉ ዕዳው ያለ ችግር ይከፈላል።

2ኛ. ፋጉሎና ፉርሽካ በችርቻሮ ሲገዛ ውድ ነው። ዩኒየኑ ከዘይት መጭመቂያና ከዱቄት ፋብሪካዎች በብዛት ገዝቶ ለአባላት ቢያከፋፍል የማድለብ ወጪ ይቀንሳል። ኑግ አምርተው ለዘይት መጭመቂያ የሚሸጡ አባላት ፋጉሎውን መልሰው የሚያገኙበት ውልም ሊታሰብ ይችላል።

3ኛ. በዐይን ግምት መሸጥ ሻጩን ይጎዳል። በየማኅበሩ አንድ የእንስሳት ሚዛን ቢኖር አርሶ አደሩ የያዘውን አውቆ ይሸጣል። ለጠቦት ምርጫ የሚደረገው ምዝገባም በዚያው ሚዛን ይከናወናል።

4ኛ. ከተማ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱና በየዕድሩ ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች አሉ። ማኅበሩ ከእነዚህ ጋር አስቀድሞ ቢዋዋል የተደራጁ ሻጮችና የተደራጁ ገዢዎች ያለ ደላላ ይገናኛሉ።

5ኛ. የቀን መቁጠሪያው የገና ብቻ መሆን የለበትም። የዒድ አል አድሃ (አረፋ) በዓል በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። የሚያደልብ አባል የሁለቱንም በዓላት ቀን አስቀድሞ አይቶ 90 ቀን ወደኋላ ቢቆጥር በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊሸጥ ይችላል። አራጁና ባራኪው ቢለያይም በጉን ያሳደገው አርሶ አደር አንድ ነው።

በሬ ማድለብን በተመለከተም ከሩቅ መማር አያስፈልግም። የሐረርጌ አርሶ አደሮች በሬውን ካረሱበት በኋላ አስረው ከማሳቸው የሚነቅሉትን የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ በእጃቸው እያጎረሱ ያደልባሉ። የሐረር ሰንጋ ስም ያገኘው በዚህ ትጋት ነው። ሰፊ ግጦሽ ስላላቸው አይደለም፤ እንዲያውም መሬታቸው ጠባብ ነው።

በገበታ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

ሥጋው ከየት እንደመጣ ማወቅ ለጤናም ይጠቅማል። ሳይታመም በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር ያልረጋ ደም የሚወጣው ከብት አባ ሰንጋ ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ከብት መግፈፍም ሆነ መብላት ሰውን ይገድላል። ሳይከፈት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማስታወቅ፣ ከዚያም በባለሙያው ትእዛዝ ማቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ያስፈልጋል። ለበዓል የታሰበ ነበር ተብሎ ሥጋውን ማዳን አይገባም።

ሁለተኛው የኮሶ ነገር ነው። የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ወይም በለብለብ የከብት ሥጋ ውስጥ ባሉ፣ የሩዝ ፍሬ በሚያህሉ ነጫጭ ከረጢቶች አማካይነት ነው። ከብቱ ደግሞ ይህን በሽታ የሚያገኘው በሰው ዐይነ ምድር ከተበከለ ሣር ነው። ስለዚህ ሽንት ቤት የማይጠቀም መንደር ከብቱን ራሱ ይበክላል፤ ከብቱም ተመልሶ በቅርጫ ቀን ይከፍለዋል። ነጭ ፍሬ የታየበት ሥጋ በጥሬው መበላት የለበትም። ከሁሉ የሚሻለው ሥጋን በሚገባ አብስሎ መብላት ነው።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አባላት፣

በገና ገበታ ላይ የሚቀርበው ሥጋ የብዙ ሺህ ዓመት መንገደኛ ነው። በሬው ከመካከለኛው ምሥራቅና ከኢንዱስ፣ በጉ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ዶሮዋ ከሩቅ እስያ፣ በርበሬው ከአሜሪካ መጥተዋል። የኢትዮጵያ አርሶ አደርና ባለቤቱ በጾሙ፣ በክረምቱና በአዝመራው ወራት እያስተካከሉ የአገር ባህል አድርገዋቸዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

የቀረው ሥራ ደግሞ ያን ሁሉ ድካም ለደከመው ሰው የሚገባውን ድርሻ ማድረስ ነው። አያቶች አንድ በሬ ለአንድ ቤት እንደማይሆን አይተው ቅርጫን አበጁ። ዛሬም አንድ ገበሬ ለብቻው ከተደራጀ ገዢ ፊት መቆም እንደማይችል ታይቷል። መፍትሔውም ያው የአያቶች መፍትሔ ነው። በመብላቱ ላይ የታየው መተባበር በማድለቡና በመሸጡም ላይ ይደገም። የሚቀጥለው ገና ጥያቄ "ምን ይታረድ?" ከመሆኑ በፊት፣ በመስከረም "ምን ይደልብ?" ተብሎ በየማኅበሩ ስብሰባ ይነሣ። በዚያን ጊዜ ቅርጫው ገበታ ላይ ብቻ ሳይሆን ገበያም ላይ ይሆናል፤ የአርሶ አደሩም መደብ ከሌላው መደብ ጋር ይተካከላል።

መልካም የምሥረታ በዓል! ለከርሞ በሰላም ያድርሳችሁ!